«ጨዋታውን እንዴት አዩት?» የሚለው ጥያቄ ይቅርባችሁ
የአንባቢያን ጥያቄና የስፖርት ክፍላችን መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ ተማሪ ነኝ፤ የአሜሪካ ኮሌጆችን ፉትቦል (ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን) እከታተላለሁ። ለእረፍት ሲወጡ ጋዜጠኛዋ አሰልጣኙን ታስቆመዋለች፤ እሱም «ኳሱን መጠበቅ አለብን፣ ሦስተኛው ዳውን (ሙከራ) ላይ መሻሻል አለብን» ብሎ ይሮጣል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው። ታዲያ ለምን ይጠየቃሉ?

መልስ፦ የሚጠየቁት ቴሌቪዥኑ ስለሚከፍል ነው። የስርጭት መብት የሚገዛ ጣቢያ ከጨዋታው ጋር ወደ አሰልጣኞቹ መቅረብንም ይደራደራል። ብዙውን ጊዜ አንዱ አሰልጣኝ ወደ መልበሻ ክፍል ሲሄድ፣ ሌላው ሲመለስ ይጠየቃል። ለጋዜጠኛዋ የሚደርሳት ሁለት ጥያቄ ቢሆን ነው።

ቃላቸው የሚመሳሰልበት ምክንያት አለው። የኮሌጅ እረፍት 20 ደቂቃ ነው፤ አሰልጣኙ ሲወጣ ከላይ ሆነው ጨዋታውን ከሚያዩት ረዳቶቹ ጋር ገና አልተቀመጠም። የሚናገረውን ባላጋራው ይሰማዋል፤ ዳኛ በአደባባይ ቢነቅፍ ደግሞ ተግሳጽ ወይም የገንዘብ ቅጣት ሊከተለው ይችላል። ስለዚህ የሚያውቀውን ዓረፍተ ነገር ይመዝዛል። የትኛውን እንደመዘዘ ግን ልብ በል።

በዚህ ጨዋታ አጥቂው ቡድን 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው። በሦስተኛው ካልሆነለት አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛው ኳሱን አርቆ መትቶ ያስረክባል። አሰልጣኙ «በሦስተኛው ዳውን ከሜዳ መውጣት አለብን» ካለ፣ ተከላካዮቹ ባላጋራቸውን ማቆም አቅቷቸው ሜዳ ላይ ቆይተዋል፣ ደክመዋልም፤ አራተኛው ሩብ ላይ እነሱን ተመልከት። «ኳሱን መጠበቅ» ሲል ኳስ አስጥለዋቸዋል ወይም የኳርተርባኩ (ኳሱን ወርውሮ የሚያቀብለው ተጫዋች) ቅብብል ተጠልፏል። «በሩጫ መጫወት አለብን» ካለ ብዙ ጊዜ ኳርተርባኩ ኳስ የሚለቅበት ፋታ አጥቷል። «ትላልቅ ጨዋታዎችን እንከላከል» ማለት ደግሞ በአንድ ቅብብል 30 እና 40 ያርድ እየተከፈተባቸው ነው። «በሩጫ» ያለው የምሩን እንደሆነ ለማወቅ ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ቡድኑ ኳስ የሚይዝባቸውን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜያት ቁጠር፤ ሩጫው ከበዛ የምሩን ነበር።

(በቅርጫት ኳስ የሳን አንቶኒዮ አሰልጣኝ የነበረው ግሬግ ፖፖቪች በአንድና በሁለት ቃል መልሱ ይታወቅ ነበር። እሱን መጠየቅ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር።)

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው። የክረምት ውድድሮችን በስልክ በቀጥታ እናስተላልፋለን። እረፍት ላይ አሰልጣኞችን ማነጋገር ጀምረን አንዱ ተቆጥቶን ሄደ፤ ሌላው «ጥሩ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ዝም ይላል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ አብሽሩ፣ የሚስተካከል ነው። መጀመሪያ ፈቃድ። ጨዋታው ሳይጀመር ለቡድን መሪውና ለአሰልጣኙ የት እንደምትቆሙ፣ ስንት ጥያቄ እንደምትጠይቁ ንገሯቸው፤ ኮሚሽነር ያለበት ውድድር ከሆነ እሱንም አስፈቅዱ። በእግር ኳስ ሕግ እረፍቱ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። መሄጃና መመለሻው፣ ውሃው፣ ሽንት ቤቱ ሲቀነስ አሰልጣኙ ከልጆቹ ጋር የሚነጋገርባት ጊዜ ጥቂት ናት። ያቺን ከነካችሁበት መቆጣቱ አይፈረድበትም። ለዚህ ነው ሲወጣ ከመያዝ ሲመለስ መያዝ የምንመርጠው። ሲወጣ ገና ትኩስ ነው፤ ሲመለስ ግን ምን እንደሚቀይር ወስኗል። ፊት ለፊቱ ቆማችሁ መንገድ አትዝጉበት፤ በጎኑ አብራችሁት ተራመዱ። ሁለት ጥያቄ፣ በጠቅላላው 40 ሰከንድ።

«አልሐምዱሊላህ» ያመጣባችሁ ግን ጥያቄው ራሱ ይመስለናል። «ጨዋታውን እንዴት አዩት?» የተባለ አሰልጣኝ «ጥሩ ነው፣ ብልጫ ወስደናል፣ ያገኘነውን ዕድል አልተጠቀምንም» ይላል፤ ሌላ የሚለው የለውም። ያያችሁትን አስቀድማችሁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ኮች፣ ሁለቱም ጎሎች በግራ መስመር ነው የገቡት፤ እዚያ ምን ቀየሩ?» ቁጥብ ለሆነ ሰው ምርጫ ስጡት፦ «መጀመሪያ የሚያስተካክሉት ተከላካዩን ነው ወይስ መሐሉን?» ደሴ ወጥታችሁ ከሆነ የከተማዋ ከፍታ ራሱ ጥያቄ ያቀብላችኋል፤ ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። «ልጆቹ ከ30ኛው ደቂቃ በኋላ መመለስ አቅቷቸዋል፤ ቅያሪ ቶሎ ያስገባሉ?» በሉ።

የሚበላሸው ሁለት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ሲጠየቅ ነው፤ ቀላሉን መርጦ ይመልስና ይሄዳል። «ዛሬ ልጆቹ ግሩም ናቸው አይደል?» የሚለውማ ከነጭራሹ ጥያቄ አይደለም። ከመካከላችሁ አንድ ሰው ካሜራ ሳይነካ ደቂቃ፣ መስመርና ሙከራ ይመዝግብ። ጥያቄዎቹን 40ኛው ደቂቃ ላይ ጻፏቸው፤ 44ኛው ላይ ጎል ከገባ የመጀመሪያውን ሰርዙት። ሁለተኛውን ጥያቄ ደግሞ መልሱን ሰምታችሁ ለመተው ዝግጁ ሁኑ። አሰልጣኙ ሲጨርስ አንድ ሰከንድ ዝም ብትሉ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጨምርላችኋል።

ጥያቄ፦ ከወልድያ። ድምፃችን በነፋስና በጩኸት ይዋጣል። ስልክ ይበቃል?

መልስ፦ ስልኩ ይበቃል፤ የራሱ ማይክ ግን አይበቃም። በሽቦ የሚሰካ የእጅ ማይክ ከስፖንጅ ጋር ያዙ፤ ከተናጋሪው አፍ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከአገጩ ትንሽ ዝቅ ብሎ። ማይኩ ከአገጭ ወደ ደረት በወረደ ቁጥር የሚቀዳው ጩኸቱ ነው፤ 25 ሺህ ያህል ሰው በሚይዘው የወልድያ ስታዲየም ደግሞ ጩኸቱ ቀላል አይደለም። ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡ፣ ከሜዳው ድምፅ ማጉያ ራቁ። መቅጃው ድምፅን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ ያንን አጥፉት፤ አሰልጣኙ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ጩኸቱን ያጎላዋል። የድምፅ መለኪያው ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢረግጥ ጥሩ ነው። ስልክ እንዳይደወልና ቀረጻው እንዳይቋረጥ ለስርጭት በማትጠቀሙበት ስልክ የበረራ ሁነታን ከፍታችሁ ቅዱ። ማይኩን ለአሰልጣኙ አታስጨብጡት፤ ከያዘው ማቋረጥ አትችሉም።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ የትምህርት ቤት ቡድን አሠለጥናለሁ። እረፍት ላይ ስጠየቅ ምን ልበል?

መልስ፦ 20 ሰከንድ ይበቃዎታል፦ የተሳካ አንድ ነገር፣ የተበላሸ አንድ ነገር፣ ለእሱ ያሰቡት። የተበላሸውን ሲያነሱ የልጁን ስም ሳይጠሩ የቡድኑን ክፍል (ተከላካዩን፣ መሐሉን) ይጥሩ፤ እናቱ እያዳመጠች ሊሆን ይችላል። ስለ ጉዳትና ስለሚያስገቡት ቅያሪ ዝርዝር አይስጡ። ስለ ዳኛው ከጠየቁዎት «እሱን ከጨዋታው በኋላ» ብለው ይለፉት።