ከእሳቱ ይልቅ ግድግዳውን እዩልኝ

ልጆቼ፣ ፊውዥን ላይ፣ ማለትም ቀላል አቶሞችን አዋህዶ ኃይል ማውጣት ላይ፣ መሥራት እንደምትፈልጉ ስትጽፉልኝ ልቤ ይሞላል። ግን ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ሙቀቱ ነው። እውነት ነው፣ 150 ሚሊዮን ዲግሪ ከፀሐይ እምብርት አሥር እጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን እዚያ ሙቀት ላይ ከደረስን ቆየን። እኔ የምለምናችሁ ይህን እሳት የሚከበውን የማሽኑን የብረት ግድግዳ እንድታዩት ነው።

ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም የሚባሉት ከባድ የሃይድሮጅን ዓይነቶች ሲዋሃዱ ከሚወጣው ኃይል 80 በመቶውን ይዞ የሚሮጠው ኒውትሮን ነው። የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው ፕላዝማውን፣ ያን የጋለ ጋዝ፣ የሚይዘው ማግኔት አያግደውም። በቀጥታ ብረቱ ውስጥ ይገባል። አቶሞቹን ከቦታቸው ያፈናቅላል። ሂሊየም ይፈጥራል፣ ሂሊየሙም ውስጥ ለውስጥ አረፋ ይሠራል።

በወጣትነቴ ኒውትሮን የደበደበውን ብረት እንፈትሽ ነበር። እኛ ከወፍራም መስታወት ወዲህ ቆመን፣ ናሙናውን በማሽን ክንድ ይዘን በመዶሻ እናስመታዋለን። ጨረር ያልነካው ጎብጦ ይቀራል። ያኛው ግን ቀጭ! ለሁለት። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ያውም ከተራ ኒውክሌር ማብላያ የወጣ ኒውትሮን ነበር፤ የፊውዥኑ ብዙ እጥፍ ይበረታል። በዚያ ኃይል ብረት የሚፈተንበት ማዕከል ስፔን ውስጥ፣ ግራናዳ አጠገብ፣ ገና እየተሠራ ነው።

የትሪቲየሙም ነገር አለ። በ12 ዓመት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ በተፈጥሮ የለም ማለት ይቻላል። ጣቢያው ራሱ ከሊቲየም እያመረተ መኖር አለበት። ይህን እስከ መጨረሻው አሟልቶ ያሳየ ማሽን እስካሁን የለም።

"ከገባው በላይ ወጣ" ሲባል ደግሞ "ከየት ጀምሮ ተለክቶ?" ብላችሁ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ካሊፎርኒያ ውስጥ 2.05 ሜጋጁል የሌዘር ብርሃን ገብቶ 3.15 ሜጋጁል የፊውዥን ኃይል ወጣ። ያን ቀን አለቀስኩ፤ ዕድሜ ልኬን የጠበቅሁት ነበር። ሌዘሮቹ ግን ከኤሌክትሪክ መስመር የወሰዱት 300 ሜጋጁል ገደማ ነው። ደስታውንም ስሌቱንም አብራችሁ ያዙ።

ደቡብ ፈረንሳይ የሚገነባው የፊውዥን ሙከራ ማሽን፣ ኢተር፣ በዲዩቴሪየምና ትሪቲየም ሥራ ይጀምራል የተባለው እ.ኤ.አ. በ2039 ነው። ካዘገዩት ነገሮች መካከል ፊዚክስ አልነበረም፤ የሚበየዱት ጠርዞች ልካቸው አለመግጠሙና የማቀዝቀዣ ቱቦዎች መሰንጠቅ ነበር እንጂ። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ስለ ፕላዝማ የምትማሩትን ተማሩ፤ ከዚያ ወርክሾፕ ውረዱና አንድ ጎበዝ በያጅ አጠገብ ቁሙ። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ወዴት እንደሚጎትት ያሳያችሁ።