ሻርፕ «ይሸመናል» ወይስ «ይሠራል»?

ጥያቄ፦ በኪሮሽ ቀላል የጌጥ ሻርፕ እንዴት እንደሚሠራ ለጀማሪዎች ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ሻርፑን ስንሸምን» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ አይታው «ሽመና የሸማኔ ነው፤ "ስንጠልፍ" በይው» አለችኝ። እናቴ ሁለቱንም አልወደደችውም። የትኛው ነው ልክ?

መልስ፦ እናትዎ ልክ ናቸው። «ስንሠራ» ይበሉ።

«ሠራ» የሁሉም ነገር ግሥ ስለሆነ ለጽሑፍ የሚያንስ ይመስለናል። ግን ኪሮሽ ከእጃቸው የማይለይ ሴቶች የሚሉትን ያዳምጡ፦ «ዳንቴል እየሠራሁ ነው»፣ «ሹራብ ሠራሁለት»፣ «በኪሮሽ የተሠራ ነው»። ሙያው ግሡን መርጦ ጨርሷል። እኛ ስንጽፍ የምንለውጥበት ምክንያት አይታየኝም።

«ሸመነ» የማይሆነው በሥራው ጠባይ ነው። ያለ ድርና ማግ ሽመና የለም። ድሩ በቁመት ይወጠራል። ሸማኔው ማጉን በመወርወሪያ እያሳለፈ ያቋርጠዋል። ጋቢውም ነጠላውም የሚወጣው ከዚህ ነው። በኪሮሽ ግን የሚወጠር ድር የለም። ያለው አንድ ክር ነው፤ በራሱ ቀለበት ውስጥ እየተሳበ ያልፋል። ካልታሰረ ጫፉን ሲስቡት እስከ መጀመሪያው ይተረተራል። ጋቢ እንዲህ አይተረተርም። «ሻርፕ ሸመንኩ» ያነበበ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ሸማኔና መወርወሪያ ነው።

የጓደኛዎ «ጠለፈ» ግን ግማሽ እውነት አለው። ኪሮሹ ጫፉ ቆልማማ ነው፤ ክሩን በእርግጥ ይጠልፋል። ስለዚህ አንዷን እርምጃ ሲያስረዱ «ክሩን ጠልፋችሁ ሳቡ» ቢሉ ያምራል። ሥራውን በሙሉ «ጥልፍ» ካሉት ግን አንባቢ ይሳሳታል። ጥልፍ በተዘጋጀ ጨርቅ ላይ በመርፌ የሚወጣ ጌጥ ነው፤ የሐበሻ ቀሚስ ደረት ላይ እንደምናየው። (ጥልፍና ጥለትም ይምታታሉ። ጥለት ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚሸመን ነው።)

«ዳንቴል» የሚለውም ለእርስዎ ሻርፕ አይመችም። ዳንቴል ስንል በቀጭን ክር የተሠራውን፣ ክፍት ክፍት ያለውን የሶፋና የጠረጴዛ ልብስ እናስባለን። ወፍራም የሱፍ ክር ከሆነ «የኪሮሽ ሻርፕ» ወይም «የኪሮሽ የአንገት ልብስ» ይበቃል።

ሌላው የምለምንዎ ቀለበቱን «ቋጠሮ» እንዳይሉት ነው። ቋጠሮ ሲስቡት ይጠብቃል፤ የኪሮሽ ቀለበት ሲስቡት ይፈታል። ይህ ልዩነት ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። «ዙር»ንም ለክብ ዳንቴል ይተዉት። ሻርፕ እየዞረ ሳይሆን እየተመላለሰ ስለሚሠራ «መስመር» ይሻላል።

እኔ ብጽፈው እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«በባለ 5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ 21 ሰንሰለት (አንዱ በአንዱ ውስጥ የተሳበ ቀለበት) ሥሩ። ከኪሮሹ ሲቆጠር ሁለተኛ በሆነው ሰንሰለት ውስጥ ኪሮሹን አስገቡ። ክሩን ጠልፋችሁ ሳቡ። አሁን ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት አለ። እንደገና ክሩን ጠልፋችሁ በሁለቱም ውስጥ አሳልፉት። በእያንዳንዱ ሰንሰለት ውስጥ አንድ አንድ እየሠራችሁ እስከ መስመሩ መጨረሻ በዚሁ ቀጥሉ፤ 20 ይሆናል። አንድ ሰንሰለት ጨምሩና ሥራውን አዙሩት።»

በዚህ ውስጥ አንድም የሚከብድ ቃል የለም። የመጀመሪያ ሻርፏን የምትሠራ ልጅ እጇ ክር ይዟል፤ ዓይኗ ጽሑፉና ሥራው ላይ ይመላለሳል። የቃል ትርጉም ስትፈልግ መስመሯ እንዲጠፋባት አልፈልግም።

ጫፉ ላይ የሚንጠለጠለውን ክር ምን እንደሚሉት አልጠየቁኝም፤ ግን መድረስዎ አይቀርም። ጥሩ ቃል አለን፦ ዘርፍ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ፈሪሳውያን የሚያስረዝሙት የልብስ ጌጥ እሱ ነው። ክሩን ቆርጠው ጫፉ ላይ ካሰሩት «ዘርፍ አሰርኩለት» ይበሉ። እንደ ነጠላ ጫፍ እያከረሩ ከገመዱት ደግሞ «ቋጨሁት» ማለት ይችላሉ።