ግራፉ ሲያምር ጥጃው ታመመ

በእንስሳት ክትባት ምርምር ልትገቡ ላሰባችሁ ልጆች አንድ ያፈርኩበትን ነገር ልንገራችሁ።

ወጣት ሳለሁ ጥጆች ከትቤ በየሳምንቱ ደማቸውን እቀዳ ነበር። አንቲቦዲን፣ ማለትም ሰውነት በሽታን ለመከላከል ደም ውስጥ የሚያዘጋጀውን ፕሮቲን፣ በቀለም በሚለካው ኤላይዛ በሚባለው ምርመራ ላይ ቀለሙ እየደመቀ፣ አንቲቦዲው ሽቅብ እየወጣ፣ ግራፉ ሲያዩት ልብ የሚሞላ ሆነ። ለአለቃዬ ወስጄ አሳየሁት። አየት አደረገና "ጥሩ ነው፣ ጥጃው ግን ይህን ሰምቷል?" አለኝ። ትንሽ ተናደድኩ። በኋላ ጥጆቹ በበሽታው ሲፈተኑ ብዙዎቹ ታመሙ። ደግሞ ከታመሙት አንዱ ከሁሉም የበለጠ አንቲቦዲ የነበረው ነው! ጠዋት በረት ገብቼ ከጆሮው ሥር ስዳብሰው ንፍፊቱ እንቁላል አክሏል፣ ቆዳው ደግሞ ይፋጃል። ግራፉ ገና ኪሴ ውስጥ ነበር።

በሽታው ኢስት ኮስት ፊቨር የሚባለው ነው። አምጪው ቴይሌሪያ ፓርቫ የሚባል ተውሳክ ከመዥገር ምራቅ ጋር ይገባና በደቂቃዎች ውስጥ ነጭ የደም ሴል ውስጥ ይሸሸጋል። አንቲቦዲ ሊያገኘው የሚችለው በዚያች አጭር መንገድ ላይ ነው። አንዴ ከገባ በኋላ ሴሉን እንደ ካንሰር ያባዛዋል፤ ሴሉ ለሁለት ሲከፈል እሱም አብሮ ይከፈላል፣ ከሴል ሳይወጣ እየበዛ ይሄዳል። ያኔ የሚያድነው የተያዘውን ሴል ለይቶ የሚገድለው ሲዲ8 ቲ ሴል ነው። እኔ የበሩን ዘበኛ ስቆጥር ሌባው ጓዳ ገብቷል ማለት ነው። ታዲያ ለምን አንቲቦዲ ለካሁ? ለመለካት ስለሚቀል ነዋ! ቲ ሴል መለካት ትኩስ ደም ይፈልጋል፣ ሴል ማሳደግ ይፈልጋል፣ እንቅልፍም ያሳጣል።

ይህ የእኔ ብቻ ስህተት አይደለም። ፒ67 በሚባለው የተውሳኩ ፕሮቲን ላይ ብዙ ዓመት ተለፍቷል። በቁጥጥር ሙከራ ተስፋ ሰጠ፣ መስክ ሲወጣ መከላከሉ ቀነሰ። የዳነውንና የታመመውን እንስሳ በአንቲቦዲ መጠን ብቻ መለየትም አልተቻለም።

በአንጻሩ እስከ ዛሬ የሚሠራው ክትባት ስታዩት የሚያስቅ ነው። ኬንያ ሙጉጋ ውስጥ የተፈጠረ ዘዴ ነው። ተውሳኩን የተሸከሙ መዥገሮች ጥንቸል ላይ ጥቂት ቀን ይመገባሉ፣ ከዚያ ይፈጫሉ፣ የወጣው ሕያው ተውሳክ በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀመጣል። ለከብቱ ይህ ይወጋል፣ በዚያው ሰዓት ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል። በሽታውን ሰጥቶ በመድኃኒት መያዝ ነው እንግዲህ። አንድ ጊዜ ከተሰጠ ለዓመታት ይጠብቃል፣ ምክንያቱም ሰውነቱ እውነተኛውን ጠላት ሴል ውስጥ አይቶታል። ችግርም አለው። ከብቱ ተውሳኩን ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ ቅዝቃዜው ደግሞ አንድ ቀን መቋረጥ የለበትም። ግን "ኋላቀር" ብላችሁ አትሳቁበት። እኔ ስቄ ነበር።

ብቻ አሁን ደግሞ አንቲቦዲ ዋጋ የለውም ብላችሁ እንዳትነሱ። ቢኤም86 ተቃራኒው ታሪክ ነው። ይህ የመዥገሯ አንጀት ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ከብቱ ሲከተብ አንቲቦዲ ይሠራል፣ መዥገሯ ደሙን ስትጠጣ አንቲቦዲውንም አብራ ትጠጣና አንጀቷ ይጎዳል። ከእሱ የተሠራው ክትባት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አውስትራሊያና ኩባ ውስጥ ገበያ ላይ ዋለ። እኔ በጣም የምወደው ሐሳብ ነው፣ ጠላትን በገዛ ምሳው መምታት! ነገር ግን መዥገሯ ስትነክስ የአንጀቷን ፕሮቲን ለከብቱ አታሳየውም። ስለዚህ መከላከሉ በንክሻ አይታደስም፣ ክትባቱን መደጋገም ያስፈልጋል። ለሁሉም የመዥገር ዝርያ እኩል አይሠራም። ደግሞ እንደ ርጭት መድኃኒት ወዲያው አያረግፍም፤ የመዥገሮቹን ቁጥርና እንቁላላቸውን ነው በጊዜ ሂደት የሚቀንሰው። ይህን ለአርቢው ቀድማችሁ ካልነገራችሁት በሳምንቱ "ክትባታችሁ ውሸት ነው" ይላችኋል፣ እውነቱን ነው።

አናፕላዝማ ማርጂናሌ የሚባለው የከብት ቀይ የደም ሴል ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያማ ሌላ ጉድ ነው። ከብቱ አንዱን ገጽታውን ለይቶ ሲመታው የላይኛውን ፕሮቲን ይቀይራል፣ እንደገና ሲለይ እንደገና። እያንዳንዱ ተውሳክ የራሱ ጠባይ አለው፣ ከአንዱ የተማራችሁትን ለሌላው ገልብጣችሁ አትውሰዱ።

ስለዚህ ሙከራ ስትነድፉ መጀመሪያ "ይህ ተውሳክ የት ነው የሚደበቀው?" በሉ። የምርመራ ኪት ማዘዝ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ጥጃውንም ራሳችሁ ዳብሱት። ከንፍፊቱ በመርፌ ቀድታችሁ ስላይድ ላይ አሰራጩት፣ ጊምሳ የሚባለውን ማቅለሚያ ቀብታችሁ በማይክሮስኮፕ እዩት። ሴሉ ውስጥ ተውሳኩን በዓይኑ ያላየ ሰው ስለ ቲ ሴል ሲያወራ ያስታውቃል።

የናይትሮጅኑን ነገር ልጨምርና ላብቃ። አንድ ቦታ ስሠራ ከረጅም በዓል ስንመለስ ታንኩ ደርቆ ጠበቀን። የብዙ ወር ሥራ ነበር የተበላሸው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው መዝገብ ግን "ሙሉ" ይላል፣ በየቀኑ ተፈርሞበታል። እና የመለኪያውን ዘንግ ታንኩ ውስጥ ራሳችሁ ንከሩት፣ አውጥታችሁ ውርጩ እስከ የት እንደያዘ እዩ፣ ከዚያ ፈርሙ።