በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ የሚዘፈን ለስላሳ ሬጌቶን፦ የቅንብር ጥያቄና መልስ

ስለ ምቱ፣ ስለ ድምፅ ቀረጻውና ስለ ግጥሙ የምትፈልጉትን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ምቱ ከየት መጣ? እንዴትስ ይደረደራል?

ሥሩ ጃማይካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጃማይካዊው ዘፋኝ ሻባ ራንክስ የዘፈነበት የ«ዴም ቦው» ምት በፓናማና በፖርቶ ሪኮ ወጣቶች እጅ ገብቶ የሬጌቶን መሠረት ሆነ። አንዱን ባር (አራት ምት የሚይዝ የዘፈን ክፍል) ለ16 ክፈለው። ኪኩን (ወፍራሙን የከበሮ ምት) 1፣ 5፣ 9 እና 13 ላይ፣ ስኔሩን (ቀጭኑን የከበሮ ምት) 4፣ 7፣ 12 እና 15 ላይ አስቀምጥ። ስኔሩን 5 እና 13 ላይ ከመታኸው ተራ ፖፕ ይሆንብሃል።

ጥያቄ፦ ፍጥነቱን ወደ 75 ባወርደው ይበልጥ አያባባም?

አያባባም፤ ይጎተታል። ከ88 እስከ 95 ቢፒኤም (በደቂቃ ያለው የምት ብዛት) ይበቃል፤ «ዴስፓሲቶ» የተባለው ዘፈን እንኳ 89 አካባቢ ነው። ስሜቱን የሚያመጣው በመሣሪያዎቹ መካከል የምትተወው ባዶ ቦታ ነው። በማይነር ኮርድ (ሐዘን ያዘለ የኖታዎች ጥምር) ጀምር፤ በመጀመሪያው ስንኝ ጊታርና ቀጭን ፓድ (ከኋላ የሚዘረጋ ረጅም የኪቦርድ ድምፅ) ብቻ ይኑር። ከአዝማቹ በፊት ኪኩን አውጣው፣ የመጨረሻውን ግማሽ ባር ሁሉንም ዝም አሰኝ፤ ከዚያ ቤዙ ከአዝማቹ ጋር አብሮ ይግባ።

ጥያቄ፦ ድምፄ ጆሮ ሥር እንደሚንሾካሾክ እንዲሰማ እፈልጋለሁ፤ ስቀዳው ግን ይታፈናል፣ «ስ» ስልም ያፏጫል።

ከማይክሮፎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቂ፤ ፊትሽን ትንሽ ወደ ጎን አዙሪ። የሚታፈነው ቅርበቱ ወፍራሙን ድምፅ ስለሚያበዛው ነው፤ ከ200 እስከ 300 ኸርዝ ያለውን 3 ዴሲቤል ቀንሺ። ለፉጨቱ ዲኤሰር (የ«ስ»ን ፉጨት የሚቀንስ ማስተካከያ) ከ6 እስከ 8 ኪሎ ኸርዝ ላይ ይሠራል። ያንኑ መስመር በሹክሹክታ ሁለቴ ደግመሽ ቅጂና ግራና ቀኝ ከዋናው ዝቅ አድርገሽ አስቀምጪው። ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት) ሲበዛ ዘፋኟ አዳራሽ መጨረሻ ላይ የቆመች ትመስላለች፤ በ90 ቢፒኤም የ500 ሚሊ ሰከንድ ዲሌይ (ዘግይቶ የሚደገም ድምፅ) በዝቅታ ማስገባት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሁለቱን ቋንቋዎች ሳቀላቅል ለምን ይሰባበርብኛል?

ስፓኒሹን ቃል በቃል ተርጉመህ በዚያው ዜማ ላይ ስለምትጭነው ይመስለኛል። የስፓኒሽ ቀለሞች (የቃል ክፍለ ድምፆች) ርዝመታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ባሩን በፍጥነት ቢሞሉትም አይጋጩም። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ቀለም አጉልቶ ሌላውን ይውጣል። ስለዚህ በአንድ ባር ከ6 እስከ 8 ቀለም ስጠው፤ ጎላ የሚለው ቀለም ስኔሩ በሚመታበት 4ኛው ወይም 7ኛው ክፍል ላይ ይውደቅ። ስፓኒሹን ስትቆጥር ደግሞ ተጠንቀቅ፦ «ሚ አሞር» ሲጻፍ ሦስት ቀለም ነው፣ ሲዘፈን ግን «ሚያ-ሞር» ተብሎ ሁለት ይሆናል። ይህን ያልቆጠረ ሰው አንድ ቀለም ይተርፈውና ዘፋኙን ያስሮጣል። አዝማቹን በስፓኒሽ ብታደርገው እመርጣለሁ፤ በአናባቢ የሚያልቁ ቃላት ስለሚበዙ ለማስረዘም ይመቻሉ። እንግሊዝኛው ከመተርጎም ይልቅ ለስፓኒሹ መልስ ይስጥ።

ጥያቄ፦ ኪኩና ቤዙ ይዋዋጣሉ።

ኪኩ በመታ ቁጥር ቤዙ ከ3 እስከ 4 ዴሲቤል ዝቅ እንዲል ሳይድቼይን (አንዱ ድምፅ ሲመጣ ሌላውን ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ) አድርግ። ፓዱን ከ150 ኸርዝ በታች ቁረጠው።

ጥያቄ፦ የትዝታ ማይነር ቅኝት ለዚህ ዘፈን ይስማማዋል?

በደንብ። ከኤ ብትነሳ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ እና ኤፍ ታገኛለህ፤ ኤ ማይነርና ኤፍ ሜጀር ኮርዶች ከነሙሉ ኖታቸው እዚያው አሉ። በሁለቱ ብቻ እየተመላለስክ ሙሉ ዘፈን መሥራት ትችላለህ። የጭክጭካውን ምት ግን ከዴም ቦው ምት ጋር አትደርበው፤ እሱ 6/8 ስለሆነ ስኔሮቹ ይጋጫሉ።