ፊዚክስ ማስተርስ ለመጨረስ ምን ያስፈልጋል ላልከው

«ፊዚክስ ማስተርስ ለመጨረስ ምን ምን ማሟላት አለብኝ? ቴሲስ ይሻላል ወይስ ኮርስ ብቻ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ። ስለ ማመልከቻው ሌሎቹ ነግረውሃል። እኔ ከገባህ በኋላ ስላለው ልንገርህ፤ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ተቃጥዬበታለሁ።

1. ዋና ዋናዎቹ ኮርሶች። ክላሲካል ሜካኒክስ፣ ኤሌክትሮዳይናሚክስ፣ ኳንተም ሜካኒክስ፣ ስታቲስቲካል ሜካኒክስ። እኔን ያንገላታኝ ኤሌክትሮዳይናሚክስ ነው። አራቱን የማክስዌል እኩልታዎች ድሮም ታውቃቸዋለህ፤ ጣጣው እነሱ ጋ አይደለም። ግሪን ፈንክሽንና ቤሰል ፈንክሽን የሚባሉት የሒሳብ መሣሪያዎች እጅህ ካልገቡ አንድ የቤት ሥራ ጥያቄ ቅዳሜህን ሙሉ ይበላዋል። ትምህርቱ ሳይጀመር ሒሳቡን ከልስ።

2. ክሬዲት። እዚህ ጋ ጆሮህን ስጠኝ። የእኛ ፕሮግራም 30 ክሬዲት ይጠይቅ ነበር፤ 24 በኮርስ፣ 6 በቴሲስ። እኔ ቆጥሬ ጨርሻለሁ ብያለሁ። ዲፌንሱንም አልፌያለሁ። ሬጅስትራር ስሄድ 27 ነው ያለህ ተባልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶሊድ ስቴት ፊዚክስን የዲግሪና የማስተርስ ተማሪዎች አብረን ነበር የምንማረው። ያው ክፍል፣ ያው መምህር፣ ያው ፈተና። ልዩነቱ የኮርስ ኮዱና እኛ የምንጨምረው አንድ ፕሮጀክት ብቻ ነው። ፕሮጀክቱንም ሠርቼ አስረክቤያለሁ! ግን ስመዘገብ የነካሁት የዲግሪዎቹን ኮድ ነው። ሁለቱ ኮዶች አንዱ ከአንዱ ሥር ተደርድረው ነበር።

ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ይሄ አይቆጠርም» ብላ ወረቀቴን በአንድ ጣት ገፋ አድርጋ መለሰችልኝ። ለምን ስላት፣ ዲፓርትመንትህን ጠይቅ። ዲፓርትመንት ስሄድ፣ የሬጅስትራር ጉዳይ ነው። ሦስት ሳምንት እንደ ኳስ ተቀባበሉኝ። መምህሩ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ሴሚስተሩ አንዴ ተዘግቷል ብለው አልተቀበሉትም። ጓደኞቼ ሲመረቁ እኔ ለ3 ክሬዲት ተመልሼ ተመዘገብኩ።

የነበረው አማራጭ ኮምፒውቴሽናል ፊዚክስ ብቻ ነው። በንዴት ነው የገባሁት። ባለ ሁለት ዳይሜንሽን አይሲንግ ሞዴልን (ቀለል ያለ የማግኔት ሞዴል ነው) በሞንቴ ካርሎ፣ ማለትም ኮምፒውተር በዘፈቀደ ቁጥሮች በሚያሰላበት ዘዴ፣ ሥሩ ተባልን። የፊዚክስ ሊቁ ኦንሳገር እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው የሞዴሉ መፍትሔ ማግኔትነቱ የሚጠፋበት ሙቀት፣ በሞዴሉ መለኪያ፣ 2.269 አካባቢ ነው። የእኔ ኮድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ 2.27 አወጣልኝ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ኤ ነው ያገኘሁት፣ ይታወቅልኝ።

ስለዚህ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ፣ ኮርስ መቀየር ገና ሲቻል፣ ስሊፕህ ላይ ያለውን ኮድ ከፕሮግራሙ መመሪያ ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያይ። አማካሪህን አስፈርምና ኮፒውን አንተ ጋ አስቀር። «ችግር የለውም» የሚል የቃል መልስ አትቀበል። እኔም ተብዬ ነበር።

3. አማካሪና ቴሲስ። ንዴቱ ሊያስረሳኝ ነበር። ፒኤችዲ ካሰብክ ቴሲስ ያዝ፤ ሥራ ላይ ካለህና ጊዜ ካጠረህ ኮርሱ ይበቃሃል፣ ግን ብዙ ጊዜ አጠቃላይ ፈተና አለው። አማካሪ ስትመርጥ በስሙ ትልቅነት አትሂድ። ተማሪዎቹን ለብቻቸው ያዝና አንድ ነገር ጠይቃቸው፦ ረቂቅ ስትሰጡት በስንት ቀን ይመልስላችኋል? የእኔው በሳምንት ይመልስ ነበር፣ በቀይ እስክሪብቶ ተለቅልቆ።