ሥራ የሚያቆመው ትንሿ እቃ ናት

ጥያቄህ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ባለ 3 ፎቅ ቤት እያሠራህ ነው፣ ገንዘቡም ሠራተኛውም አለ ግን ሁሌ አንድ እቃ እየጎደለ ሥራው ይቆማል፣ አሁን 2 ወር ወደኋላ ቀርታችኋል፣ እና እቃውን በሙሉ ባንዴ ገዝቼ ስቶር ላስገባው ወይ ብለሃል።

አይ ወንድሜ፣ እንዳታደርገው። ሲሚንቶ እርጥበት ይስባል፣ ደህና ስቶር ውስጥ እንኳን 3 ወር ከተቀመጠ ጉልበቱ 20 በመቶ አካባቢ ሊወርድ ይችላል። የምታስቀምጠውንም ከመሬት ከፍ አድርገህ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ አርቀህ፣ ከ10 ከረጢት በላይ ሳትደራርብ፣ መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ እንዲወጣ አድርገህ ነው። ፌሮም ዝናብ ላይ ሲከርም ይዝጋል፣ ገንዘብህም እዛው ታስሮ ይቀራል።

ችግሩ የእቃ ማነስ ሳይሆን የቀን አለመገጣጠም ነው። እኔ አንድ ሕንፃ ላይ ሶሌታ (የፎቁን የኮንክሪት ወለል) ልንሞላ ፎርምወርኩ (ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ) ተሠርቶ ፌሮው ታስሮ ሲሚንቶው ተራግፎ፣ ኤሌክትሪሻኑ ስካቶላና ኮንዲዩት (የማብሪያ ማጥፊያ ሳጥንና የኤሌክትሪክ ሽቦ ቱቦ) የለም አለኝ፣ እነሱ ደግሞ ከሙሌት በፊት ካልገቡ በኋላ ኮንክሪት መሰርሰር ነው፣ በቃ 9 ቀን ቆምን። የፎርምወርክ ኪራዩ ይቆጥራል፣ ሠራተኛው ተቀምጦ ይከፈለዋል፣ ጎበዞቹ አናጢዎች ሌላ ሳይት ሄዱብኝ፣ ያ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ። ያኔ ያቆመን የሳይቱ ርካሽ እቃ ነበር።

ስለዚህ ከሙሌት ቀን ወደኋላ ቁጠር። ሶሌታህ 200 ካሬ ውፍረቱም 15 ሳንቲም ነው እንበል፣ 30 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ማለት ነው፣ በኩብ 350 ኪሎ ሲሚንቶ ከያዝክ 10,500 ኪሎ፣ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 210 ይሆናል፣ ቢሙን (ሶሌታውን የሚሸከመውን አግዳሚ) ሳይጨምር፣ በዛ ላይ ደግሞ ትንሽ ለብክነት ያዝ። 150 ከረጢት ስለገባ ብቻ ሙሌት እንዳትጀምር፣ መሃል ላይ አልቆብህ የመጀመሪያው ኮንክሪት ከጠነከረ አዲሱ አይያያዝም፣ ለውሃም ለስንጥቅም በር ይከፍታል። አሸዋ፣ ጠጠር፣ ፌሮ ማሰሪያ ጥቁር ሽቦ፣ ፌሮውን ከፎርምወርኩ የሚያርቅ ስፔሰር፣ ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቀጥቀው ቪብሬተር ነዳጅ ሳይቀር ጻፍና እያንዳንዱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አቅራቢውን ጠይቀህ ጎኑ ላይ አስፍር። ከዛ በየሳምንቱ የሚቀጥለውን 6 ሳምንት ከፎርማንህ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩት፣ እቃው ያልተረጋገጠለት ሥራ ስኬጁል ላይ አይግባ።

ሊፍትና ከውጭ የሚገባ እቃ ሌላ ነው፣ ስዕል ማጽደቅ፣ ማምረት፣ ጭነት፣ ጉምሩክ አለው፣ ስለዚህ ስትራክቸሩ ገና እያለ ታዘዋለህ። አልሙኒየም መስኮት ግን የሚለካው ክፍቱ ከተሠራ በኋላ ስለሆነ ልኩን መጠበቅህ አይቀርም፣ ፕሮፋይሉንና (የአልሙኒየም ዘንጉንና) መስታወቱን ግን ቀድመህ አስይዝ።

አቅራቢ "ነገ ይደርሳል" ሲልህ አትመን፣ ተጭኗል ወይ፣ ስንት ሰዓት ወጣ፣ የሹፌሩን ስልክ ስጠኝ በለው። ለሲሚንቶና ለፌሮ 2 አቅራቢ ይኑርህ፣ ሂሳባቸውንም በቀኑ ዝጋ፣ እቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጭኑት በሰዓቱ ለሚከፍላቸው ነው።

የ2 ወሩን ለማካካስ ብለህ አሁን ሠራተኛ አትጨምር፣ እቃ የሌለው ሠራተኛ ወጪ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚቀጥለውን ሶሌታ እቃ ሙሉ በሙሉ ሳይት ላይ አድርስና ቆጥረህ ተረከብ፣ ሙሌት ቀኑን ከዛ በኋላ ንገራቸው።