መልስ፦ ተወዛዋዦቹ ማስጌጫ እንዳይመስሉ

ወንድሜ፣ አንኮበር ላይ ለምትቀርጹት ክሊፕ «ሴቶቹ ለማድመቂያ ብቻ የቆሙ እንዳይመስሉ ምን እናድርግ?» ብለሃል። ሥራው የሚጀምረው ወረቀት ላይ ነው። የሾት ዝርዝራችሁን (የምትቀርጿቸውን ምስሎች ዝርዝር) አውጣና የሴቷ ፊት ሳይታይ ወገቧ ወይም እግሯ ብቻ የሚታይበትን ሁሉ ሰርዝ። ከዘፋኙ ጎን ቆማ ከመሳቅ ሌላ ሥራ ከሌላት ደግሞ ሥራ ስጧት፤ ትመልስለት፣ ትቆጣው፣ ጥላው ትሂድ። የገጠር ልጅ ሁሉ እንስራ ታዝላ ወንዝ ዳር መታየቷም ይብቃ፤ ዛሬ ውኃ በብዛት የሚቀዳው በጀሪካን ነው።

ብዙው ስህተት ያለው እስክስታው ላይ ነው። ጥበቡ ትከሻና አንገት ላይ ስለሆነ ፍሬሙ ከወገብ በላይ ሆኖ ፊቷን ይያዝ፣ ካሜራውም በዓይኗ ቁመት ይቁም። ከታች ወደ ላይ ከቀረጻችሁ ዳሌዋ ስክሪኑን ይሞላል፣ ትከሻዋ ይጠፋል። ስሎው ሞሽንም አታብዙ፦ በሰከንድ 50 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀረጸው በ25 ሲጫወት እንቅስቃሴው በግማሽ ይዘገያል፤ ምቱ ይሞትና ገላ ማየት ብቻ ይቀራል። ለእስክስታ 25ቱ ይበቃል።

ብርዱን አትናቁት። የአንኮበር ማለዳ በስስ ልብስ አይቻልም፤ ትከሻ ከበረደው ይገተራል። በየሾቱ መሃል የሚደርቡት የመንዝ ባና ያዙላቸው።

ልብሱን ከቀረጻው ቀን አስቀድማችሁ አሳዩአቸው፤ መኪና ውስጥ ሲሰጣቸው እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል። ክፍያውና ምስሉ ለፖስተርም ሆነ ለቲክቶክ መዋሉ በውሉ ይጻፍ። ኤዲቱ ሲያልቅ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፤ ሴቷ ምን እንደምትፈልግ ካልገባችሁ የሷ ሾት ጎድሏልና ተመልሳችሁ ቅረጹት።